የራሳችሁን የካርታ ጨዋታ ለመፍጠር፦ መጀመሪያ ሳቁን አስቡ

የመጀመሪያውን ጨዋታዬን የጀመርኩት ከስዕሉ ነበር። ሶስት ሳምንት ፎቶሾፕ ላይ ተጥጄ ከርሜ፣ በወፍራም ወረቀት በከለር አሳትሜ፣ ቤተሰብ ሰብስቤ ሳጫውት አክስቴ ገና በአቦሉ ተሸንፋ ወጣች፣ ስልኳን አወጣች፣ ከዛ ሁሉም ስልኩን አወጣ። በቃ።

1. ተጫዋቹ ምን እንዲሰማው እንደምትፈልጉ በአንድ መስመር ጻፉ። "ደስ የሚል" ብሎ ነገር የለም፣ ደስ የማይል ጨዋታ ማን ይሰራል? የኔ "ቡና እየተጠጣ የዋሸውም የተዋሸውም አብረው ይሳቁ" ይላል። ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ የምሬን ነው።

2. ያንን ስሜት ኑሮ ውስጥ የት እንዳያችሁት ፈልጉና ህጉን ከዛ ቅዱ። እኔን ያንከራተተኝ ይሄ ነው። ሁለት ወር ህግ ስጨምር ስቀንስ ቆይቼ አንድ ቀን ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ ሰማሁ። መልሱ የጠፋው ልጅ "ሀገር ስጠኝ" ይባላል፣ ጎንደርን ይሰጣል፣ ጠያቂው "ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ" እያለ ይፎክራል፣ የተሸነፈው ራሱ በሳቅ ይሞታል። ማንም አይባረርም እኮ! የሚሰጠውን ሀገር የሚመርጠውም ተሸናፊው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አደረግኩት፦ 6 አይነት የገበያ እቃ (ጤፍ፣ ቡና፣ ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ጨው) እያንዳንዱ 6 ካርታ፣ በተጨማሪ 16 የከተማ ካርታ። ለአራት ሰው አራት አራት ከተማና አራት አራት እቃ ይታደላል። ባለተራው አንድ እቃ ደፍቶ አስቀምጦ "ማር ነው" ይላል፣ ከጎኑ ያለው ወይ "ልግዛ" ወይ "ውሸት" ይላል፣ ከዛ ይገለጣል። የተሸወደ፣ በሀሰት የጠረጠረ ወይ ሲዋሽ የተያዘ አንድ ከተማ መርጦ ይሰጣል፣ ተቀባዩ የግድ ይፎክራል። ባለተራው እቃውን ከተረፈው ይተካል። በረካው ሲያልቅ ብዙ ከተማ የያዘ አሸነፈ።

3. በእስክሪብቶ ስሩት። ካርታው 63 በ88 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ ኤ4 ላይ 9 ይወጣል፣ 6 ወረቀት 54 ይሆናል፣ የኔ 52 ስለሆነ በተረፉት ሁለቱ ላይ ህጉን ጻፍኩ። ስስ ወረቀት ከጀርባ ያሳያል፣ ውሸቱ ሁሉ ይበላሻል፣ አሮጌ ካርታ ላይ በኮላ ለጥፉት። ዲዛይን? በኋላ።

4. አጫውቱና ዝም በሉ። ህጉን ካነበባችሁላቸው በኋላ አታስረዱ፣ የት እንደሳቁና የት ስልክ እንደነኩ ብቻ ጻፉ። በጣም የምወዳት "ቀረጥ" የምትባል ካርታ ነበረችኝ፣ በወጣች ቁጥር "ይቺ ደሞ ምንድናት?" ይሉና ሳቁ ይቆማል። እያመመኝ አወጣኋት።

አክስቴ አሁን ከተማዋ ሁሉ ቢያልቅም መጫወቷን ትቀጥላለች፣ የምትሰጠው ስለሌላት ጨውን ማር ነው ብላ ስትምል አይኗን አታሽም።