የአየር ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ከባሕር ዳር አሜሪካና ካናዳ ለገባችሁ

«የትኛውን የአየር ማጣሪያ ልግዛ?» አዲስ ገቢው ሻንጣውን ሳይፈታ ይጠይቃል። እናቱ ደግሞ ከግሽ ዓባይ ደውለው «ልጄ አፍንጫዬ ታፈነ ይለኛል፣ ማሽን አለ አሉ» ይላሉ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ መጀመሪያ ቤቱን እዩት።

ባሕር ዳር ያለው ቤት ሳይጠየቅ አየር ይቀይራል። በሩ ሥር ክፍተት አለ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መሀል ክፍተት አለ፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። የዘጌ ቡና ሲቆላ ጭሱ ሦስት ቤት ድረስ ይሸታል፤ ወጣ ማለት ነው። እዚህ የተከራያችሁት አፓርታማ ግን ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ተደፍኖ የተሠራ ነው። የቆላችሁት፣ ያጠናችሁት፣ ያቁላላችሁት ሁሉ እናንተው ጋር ያድራል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የከሰሉ ነገር። ጀበናውንም ረከቦቱንም ይዛችሁ ኑ። ማንደጃውን ግን እዚያው ተዉት፣ በሀበሻ ሱቅ ቢሸጥም አትግዙት። አገር ቤት የለመድነው ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ማስገባት ነው። «ጭሱ ካለቀ አያፍንም» ይባላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ አብዝቶ የሚያወጣው ጭስ በማይታይበት ሰዓት ነው። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የዲከረንስ ይሁን የግራር ከሰል፣ ልዩነት የለውም።

እዚህ ላይ የአየር ማጣሪያው ሰውን ያታልላል። ማሽኑ ላይ ያለው መብራት የሚለካው ብናኝን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ስለሆነ አያየውም፣ ፊልተሩም አይዘውም። ቤቱ በጋዝ ሞልቶ መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። «መስኮት በትንሹ ከፍተናል» ማለትም አያዋጣም፤ ብርዱ ሲመጣ መስኮቱን የሚዘጋው ያው የከፈተው ሰው ነው። በረንዳ ላይ ማንደድ ደግሞ ብዙ የኪራይ ውል ይከለክለዋል፤ ያን አልፋችሁ ብታነዱትም «በርዷል» ብላችሁ የምታስገቡት አመድ ውስጥ ያለው ፍም ለሰዓታት ጋዝ ያወጣል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው። ሰው ጾሙ ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ድካም ነው ይላል። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ካመማቸውና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው ግን ጉንፋን አይደለም። ሁላችሁም ውጡ፣ ደጅ ሆናችሁ 911 ደውሉ። ዕቃ ለማንሳት አትመለሱ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በየፎቁና ከመኝታ ክፍል ውጭ ይሰቀላል። በወር አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጭናችሁ ፈትሹት፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀንም አንብቡ፣ እንደ ሥሪቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው። አልጮኸም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፦ በአሜሪካው መስፈርት ጋዙ 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 70 እጅ) ሲደርስ ማንቂያው እስኪጮህ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። የጭስ ማንቂያውን በፌስታል የምትሸፍኑ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ቡና ሲቆላ ይጮሃል ብሎ ማንቂያ ማፈን ቅጣትም ያመጣል፣ ሌሊት ሳትነቁ መቅረትንም ያመጣል።

ታዲያ ቡናው? በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ፣ ከኋላ ባለው ምጣድ ማስቀመጫ፣ ከላይ ያለውን የጭስ መሳቢያ ከፍታችሁ ቁሉ። መሳቢያው ግን ሁሉም እኩል አይደለም። አንዳንዱ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ አንዳንዱ በወንፊት አሳልፎ ፊታችሁ ላይ ይመልሰዋል። ከፍታችሁ እጃችሁን ከላዩ ባለው ቀዳዳ ፊት ያዙ፤ ነፋስ ከወጣ የሚመልሰው ዓይነት ነው፣ መስኮት መክፈት ግድ ይላችኋል። የሸክላ ጀበና በቀጥታ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ከተጣደ ይሰነጠቃል፤ መሀል ላይ ሙቀት የሚያከፋፍል ብረት አድርጉ። ዕጣን በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨሳል፤ በዓረብ ሱቆች አለ። ከሰሉ ቀረ እንጂ ጭሱ ያው ጭስ ነው፣ አስም ያለበት ልጅ ካለ ባይጨስ ይሻላል።

አሁን ማሽኑ። ሳጥኑ ላይ «ሄፓ» (HEPA) የሚለውን የፊልተር ስም ፈልጉ፤ «ሄፓ መሰል» (HEPA-like) ወይም «የሄፓ ዓይነት» (HEPA-type) የሚለውን ተዉት። እውነተኛው በአሜሪካው መስፈርት 0.3 ማይክሮሜትር የሆነን ብናኝ 99.97 በመቶ ይይዛል። ቀጥሎ «ሲኤዲአር» (CADR) የሚባል ቁጥር አለ፣ ማሽኑ በደቂቃ የሚሰጠው ንጹሕ አየር በኩቢክ ፉት ነው። ጣሪያው 8 ፉት በሆነ ክፍል፣ የጭስ ሲኤዲአሩ ከወለሉ ስፋት ከሁለት ሦስተኛው ማነስ የለበትም። 12 በ15 ፉት ክፍል 180 ስኩዌር ፉት ነው፤ ቢያንስ 120 ያስፈልገዋል። ቁጥሩ የተለካው ማሽኑ በመጨረሻው ፍጥነት ሲጮህ ስለሆነ ከፍ ያለውን ገዝታችሁ በመካከለኛ ፍጥነት አሠሩት። «ለ1,000 ስኩዌር ፉት ይበቃል» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ አየሩን በሰዓት አንዴ ብቻ ሲያዞር ተሰልቶ ነው። ኦዞን የሚያወጣ ማሽን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ፤ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው።

ማሽኑን ከመሰካታችሁ በፊት ክፈቱትና ፊልተሩን አውጡ፤ ብዙውን ጊዜ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ከነላስቲኩ ወራት አሠርተው «ምንም ለውጥ የለውም» የሚሉ አሉ። ሄፓውን በውኃ አትጠቡ፤ የፊተኛውን ወንፊት ብቻ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ጥረጉ። ከግድግዳ 30 ሴንቲሜትር ያህል አርቁት፣ መኝታ ክፍል አድርጉት፣ በር ዝጉ።

በብርዱ ወራት አፍንጫ የሚያደማው ድርቀቱ ነው፤ ለእሱ ማጣሪያ አይሠራም። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙ፣ ከ30 እስከ 50 በመቶ መሀል አቆዩት። አየሩን ለማርጠብ በንዝረት ጉም የሚያወጣውን ማሽን የቧንቧ ውኃ ከሞላችሁበት በውኃው ያለውን ማዕድን አየር ላይ ይበትነዋል፤ ማጣሪያውም ቀይ ያበራል፣ ሰውም «ተበላሸ» ብሎ ይመልሰዋል። ተተንኖ ማዕድኑ የወጣለትን፣ «ዲስቲልድ» (distilled) የሚል የተጻፈበትን ውኃ ተጠቀሙ። ልብስ ቤት ውስጥ አስጥቶ ግድግዳው ሻገተ ብሎ ማማረርም አለ፤ ያ የአከራዩ ጥፋት አይደለም። ቱቦ ሲያፈስ ግን የአከራዩ ነው፤ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ፎቶ አያይዛችሁ አመልክቱ። በቃል የነገራችሁትን ነገ «አልሰማሁም» ይሏችኋል፣ ቢሮክራሲው ወረቀት ካልበላ አይንቀሳቀስም።

ርካሽ ነው ብላችሁ ምድር ቤት የተከራያችሁ ስለ ራዶን ጠይቁ። ከአፈር የሚወጣ፣ የማይሸት፣ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ጋዝ ነው። የካናዳ ወሰን በሜትር ኩብ 200 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ) ነው፤ ቢያንስ ለሦስት ወር በሚቀመጥ መለኪያ ይታወቃል። ማጣሪያ አያስወግደውም፣ ከወለሉ ሥር በቱቦ መሳብ ያስፈልጋል።

ማሽን ገዝታችሁ ባሕር ዳር ልትልኩ ላሰባችሁም፦ የዚህ አገሩ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የእዚያው ሶኬት 220 ነው። ጀርባው ላይ 100–240 ካልተጻፈ ሲሰካ ይቃጠላል። ቢሠራ እንኳ በሩ ተከፍቶ በሚውል ሳሎን ውስጥ ምንም አያጠራም። በዚያ ገንዘብ ለእናታችሁ ጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት አሠሩላቸው።