ተማሪዎችን ሐይቅ ዳር ይዘን ስንወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ ልጆችን ውጭ ለማስተማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐይቁ፣ አሞራ ገደል፣ ታቦር ተራራ ሁሉም እዚሁ ናቸው። ነገር ግን ከአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር በወጣሁ ቁጥር እነዚያኑ ስህተቶች አያለሁ።

ትልቁ ስህተት የሚታየውን ፈርቶ የማይታየውን መርሳት ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል። አንድ ልጅ ዛፍ ላይ ትንሽ ከፍ ሲል "ውረድ! ትሰበራለህ!" ተብሎ ይጮህበታል። እዚያው አጠገቡ ጓደኞቹ ጫማቸውን አውልቀው ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተዋል፤ መምህራኑ ፎቶ ያነሷቸዋል። አደጋው የቱ ጋ ነው? ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ጥቃቅን ተውሳክ አለ። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ይወጣና በውሃው ውስጥ እየዋኘ ሰው ይፈልጋል። ልጁ ውሃውን ባይጠጣም እግሩን መንከሩ ብቻ ይበቃል፤ ተውሳኩ በቆዳ በኩል ይገባል። በብዛት የሚወጣው ደግሞ ቀን ፀሐይ ሲበረታ፣ ማለትም ልጆቹን ይዘን እዚያ በምንደርስበት ሰዓት ነው። ጉማሬም አለ።

ልጅ ዛፍን አይቶ ከፍታውን ይገምታል። ቅርንጫፉን ነቅነቅ ያደርገዋል። ሲፈራ ይቆማል። ቢልሃርዚያን ግን በምን ዓይኑ አይቶ ይጠንቀቅ? የአዋቂ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ከውሃው ራቅ አድርጋችሁ ገመድ ዘርጉ። ከገመዱ ማዶ ማንም አይሄድም። ከገመዱ ወዲህ ይውጡ፣ ይዝለሉ፣ አባሮሽ ይጫወቱ። ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ካለ ለወላጆቹ ንገሩና ጤና ጣቢያ ያስመርምሩት። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ሁለተኛው ስህተት ልጅን ተሸክሞ ቅርንጫፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። በራሱ የወጣ ልጅ እግሩን የት የት እንዳሳረፈ ስለሚያውቅ መውረጃውን አያጣም። ሰው ተሸክሞ ያስቀመጠው ልጅ ግን አያውቀውም። አንድ መምህር ለፎቶ ብሎ ዋርካ ላይ ያስቀመጠው የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግንዱን አቅፎ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ለማውረድ ሁለት ሰው ፈጅቷል። ከዛፉ ሥር ድንጋይና የጠርሙስ ስባሪ ልቀሙ፣ ከዚያ በራሱ እስከቻለበት ድረስ ይውጣ።

ጦጣና ጉሬዛ ማብላት ይቅር። ጉሬዛ ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፤ ብስኩት አያስፈልገውም። ጦጣ ደግሞ አንዴ ከለመደ ከልጅ እጅ ይነጥቃል፣ ሲነጥቅም ይቧጭራል፣ ይነክሳል። ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም።

"የቤት ሥራ ያልሠራ አይሄድም" የሚሉ መምህራን አሉ። እባካችሁ ተዉት። ክፍል ውስጥ አርፎ መቀመጥ የሚያቅተው ልጅ ነው ከሁሉም በላይ ሜዳ የሚያስፈልገው። እንዲህ ያሉ ልጆች ውጭ ሲወጡ ጉንዳን ተከትለው ጉድጓዱን ያገኛሉ፤ ማንም ያላየውን የወፍ ጎጆ ያሳዩናል።

ክፍሉን እንዳለ ውጭ ማምጣትም ስህተት ነው። ልጆቹን ደርድሮ ስለ ወፎች ማስጻፍ ምን ይጠቅማል? አሞራ ገደል የዓሣው ገበያ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ሽማግሌ ቆሞ ትራፊ ይጠብቃል። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ተኩል ሊበልጥ ይችላል። ያንን ርዝመት መሬት ላይ በሜትር ለክተው ያስምሩ፤ ከዚያ ስንት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢቆሙ እንደሚሞሉት ይሞክሩት። ቀሪውን ሰዓት ለእነሱ ተዉላቸው። ሰኞ ማክሰኞም ይሁን ድብብቆሽ እነሱ ይምረጡ።

ዩኒፎርም አታስለብሷቸው። እናቷን የምትፈራ ልጅ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ስትጠብቅ ነው የምትውለው። ለወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አሮጌ ልብስና የተሸፈነ ጫማ ይበቃል።

በመጨረሻ ቆጠራ። በር ላይ አንዴ መቁጠር አይበቃም። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣምሯቸው፤ ፊሽካ ሲነፋ እያንዳንዱ ጓደኛውን ይዞ ይምጣ። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥርና ወደ መኪና ከመግባታችሁ በፊት እንደገና ቁጠሩ።