ጸሐፊው ሊያሳምነን ሲል ምን አደረገ? የማሳመኛ ጽሑፍን እንዴት እንተንትን

ኑሮዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ጎንደር ውስጥ ፍርድ ቤት አጠገብ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። የሰፈሬ ተማሪዎች «የጸሐፊውን የማሳመኛ ስልት ተንትኑ» የሚል የቤት ሥራ ሲሰጣቸው እኔ ዘንድ ብቅ ይላሉ። በደስታ እቀበላቸዋለሁ። ሰውን በጽሑፍ ማሳመን የእንጀራዬ ጉዳይ ነውና።

ይዘውት የሚመጡት ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ጸሐፊው ድግግሞሽ ተጠቅሟል። ተረትና ምሳሌ ተጠቅሟል። ስሜት የሚነኩ ቃላት ተጠቅሟል።» ልክ ነው፤ ግን ገና ምንም አልተተነተነም። ድግግሞሹ ማንን ያዘ? ምን አስታወሰው፣ ምንስ አስረሳው? ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ስለዚህ ስልት ከመፈለጋችሁ በፊት አንባቢውን ፈልጉ። ጎረቤቷ አጥር ገፍቶ ቦታዋን የወሰደባት ሴት ብትመጣ፣ የምጽፍላት ወረቀት በሚያነበው ሰው ይወሰናል። ለፍርድ ቤት ከሆነ ቀኑን፣ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የምስክሮቹን ዝርዝር አስቀድማለሁ። እንባዋን አላስገባም፤ ዳኛው የሚፈልገው ማስረጃ ነው። ለሽማግሌ ከሆነ ግን ሁለቱ ቤተሰቦች ስንት ዘመን ቡና እንደተጠራሩ፣ ማን የማንን ልጅ ክርስትና እንዳነሣ ይቀድማል። አጥሩ ያው አጥር ነው።

ጽሑፉን ስታገኙ ወረቀታችሁ አናት ላይ ይህን ጻፉ፦ ለማን ተጻፈ? ምን እንዲያደርግ ተፈለገ? ያ ሰው ከማንበቡ በፊት ምን ያምን ነበር፣ ምንስ ይፈራ ነበር? የመጨረሻው ይከብዳል፤ የዘመኑን ታሪክ ማገላበጥ ይጠይቃል። ትንታኔ የሚያምረው ግን በእሱ ነው።

ለተማሪዎቹ ሁልጊዜ የምሰጣቸው መለማመጃ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያወጁትን የክተት አዋጅ ነው። አጭር ነው፤ ብዙ ሰው ከፊሉን በቃሉ ያውቀዋል። የሚጠይቀውም ግልጽ ነው፦ ከጣሊያን ጋር ለመዋጋት ተነሥ። የሰሚው ሁኔታስ? ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ እርሻ ቆሞ፣ ሰው በረሃብ ረግፏል። እኛ ጎንደር ላይ ደግሞ በ1880 ድርቡሽ፣ ማለትም የሱዳኑ የመሐዲ ጦር፣ ገብቶ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥሏል።

አሁን አዋጁን በዚያ ሰው ጆሮ ስሙት። «አገር የሚያጠፋ ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት» ይላል። የተቃጠለ ደብር በዓይኑ ያየ የጎንደር ሰው ይህ ሲነገረው ማብራሪያ አያሻውም። አዲሱ ጠላት ከቀድሞው ጥፋት ጋር በአንድ ሐረግ ተገናኘለት። ይህን ስትጽፉ «ስሜት ቀስቃሽ ቃል ተጠቅሟል» ከሚለው በብዙ ርቃችኋል።

ቀጥሎ ንጉሡ የአገራቸውን ከብት ማለቅና የሰውን መድከም አይተው እስካሁን እንደታገሡ ይናገራሉ። ሰሚው በልቡ «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?» ሊል ይችላል። «ከረሃብ ሳናገግም እንዴት እንዘምታለን?» ሊልም ይችላል። ሐረጉ ለሁለቱም መልስ አለው። ዝምታው ለሕዝብ ማዘን ሆነ፤ ድካሙም የታወቀ ሆነ። እናንተም በምታነቡት ጽሑፍ ውስጥ ያለቦታው የገባ የሚመስል ዓረፍተ ነገር ስታዩ «ይህ ላልተጠየቀ ለየትኛው ጥያቄ መልስ ነው?» በሉ። ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ «ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም» ይመጣል። አዋጅ ሰሚውን በነጠላ መጥራቱ የቆየ ወግ ነው። እዚህ ግን አለመበደልና አለማስቀየም ሲነሣ ነገሩ የሁለት ወዳጆች ጉዳይ ይመስላል፤ በገበያ ቆሞ የሰማ ሁሉ ንጉሡ ለብቻው ያናገሩት ያህል ይሰማዋል። በእኛ ቋንቋ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ፣ እኛ ብሎ መምረጥ ራሱ ስልት ነው። ጽሑፉ መሀል ላይ ከ«እኔ» ወደ «እኛ» ሲዞር እርሳሳችሁን አንሡ።

«ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ካሉ በኋላ ጉልበት የሌለውን በሐዘን እንዲረዳቸው ይጠይቃሉ። አዛውንቱም ሕመምተኛውም ድርሻ ደረሰው፤ «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይቻልም። ዛቻው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፣ አልተውህም»። መሐላም ታክሎበታል። ለሙከራ ቅደም ተከተሉን ገልብጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዛቻው ሲቀድም ልመናው ይሞታል። አንድን ክፍል ከቦታው አንሥቶ ምን እንደሚጎድል ማየት እኔ የማውቀው ምርጥ መፈተሻ ነው።

ጎንደር የትርጓሜ አገር ናት። የመጻሕፍት መምህራን አንድ ንባብ ከፈቱ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ። ይህን ልማድ ውሰዱ። ዛቻው ሰነፉን ያስፈራል። አንድም፣ የሚዘምተውን ያጽናናል፤ ጎረቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደማይቀር ያረጋግጥለታል።

የቀረውንም ፈልጉ። እኔ ማመልከቻ ስጽፍ ባለጉዳዬን የሚጠቅመውን ነው ከፊት የማደርገው። ስለዚህ ሌላ ሰው የጻፈውን ሳነብ የጎደለው ይታየኛል። ከጣሊያን ጋር ያጣላው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በዚህ አዋጅ የለም። ንጉሡ ለአውሮፓ መንግሥታት ሲጽፉ ግን ስለ ውሉ ተከራክረዋል። ለገበሬው የውል አንቀጽ ምን ያደርግለታል? ለባዕድ ንጉሥስ የጎንደር ደብር ምኑ ነው?

መምህራችሁ የግሪኩን ፈላስፋ የአርስቶትልን ሦስቱን የማሳመኛ መንገዶች ከጠየቀ፣ እነሱ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የሰሚው ስሜትና የነገሩ ምክንያት ናቸው። ይጠቅማሉ። ብቻ ሠንጠረዥ ሠርታችሁ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንዱ ረድፍ ውስጥ አታስገቡ። የከብቱ ማለቅ ሐረግ ብቻውን ሦስቱንም ይሠራል።

የዛሬ ጽሑፍ ሲሆን፣ የቢሮ ደብዳቤም ይሁን የፌስቡክ ጽሑፍ፣ ጥቂት ቃላት ላይ ቆም በሉ። «እንደሚታወቀው» ያልተረጋገጠውን የተረጋገጠ ያስመስላል። «ተወስኗል» እና «ታምኖበታል» አድራጊውን ይሰውራሉ፤ ማን ወሰነ፣ ማን አመነ? ተረትና ምሳሌም ባለቤት ስለሌለው የሚከራከረው አይገኝም፤ ለዚህ ነው ክርክሩ ሲደክም ብቅ የሚለው።

ወደ መጻፉ ስትመጡ ጥቅሱ አጭር ይሁን፤ ማብራሪያው ይርዘም። እንዲህ፦ «አዋጁ ጉልበት የሌለውንም በሐዘን እንዲረዳ በመጠየቅ ከጦርነቱ ውጭ ያለ ሰው እንዳይኖር ያደርጋል። ከረሃብ ገና ያላገገመ ሕዝብ አቅም የለኝም ብሎ እንዳይቀር መንገዱን አስቀድሞ ይዘጋል።» በጽሑፉ መስማማታችሁን ወይም አለመስማማታችሁን እዚህ አታምጡ፤ ካስፈለገ ሌላ አንቀጽ ይሁን።

ስትጨርሱ «ተጠቅሟል» ያላችሁበትን ቦታ ሁሉ አስምሩበት። በምትኩ አስታወሰ፣ አረጋጋ፣ አሳፈረ፣ ሸፈነ፣ አጣደፈ ከሚሉት የሚስማማውን አስገቡ። የሚስማማ ግስ ያጣችሁለት ቦታ ካለ፣ ወደ ጽሑፉ ተመልሳችሁ እንደገና አንብቡት።