ሎሚዬን ያስጠማው ሰርዶ

የሦስት ዓመቱ የሎሚ ዛፌ ቅጠሉ እየገረጣ፣ ጫፉ እየደረቀ ሲሄድ መጀመሪያ ያደረግሁት ውኃ መጨመር ነበር። ለውጥ የለም። አንድ ቀን ከግንዱ አጠገብ አፈሩን በጣቴ ስቆፍር ጉዱ ታየኝ፤ ውስጡ ዱቄት የመሰለ ደረቅ፣ ላዩ ደግሞ እንደ ምንጣፍ የተጠላለፈ የሰርዶ ሥር። ለውበት ብዬ የተውሁት ሣር ነበር ውኃውን ቀድሞ የሚጠጣው።

በግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ሰርዶውን ከነሥሩ ነቀልሁ። ቁራጭ ከቀረ መልሶ ይበቅላልና ሦስት ጊዜ መመላለስ ግድ ሆነብኝ፤ አሰልቺ ሥራ ነው። ቦታውን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ቅጠል ጎዘጎዝሁበት፤ ግንዱ እንዳይበሰብስ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተውሁ። ውኃውንም ከግንዱ ሥር ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ፣ ቶሎ ቶሎ ሳይሆን ዘልቆ እስኪገባ አጠጣለሁ።

ከጉዝጓዙ ውጭ የርግብ አተር ዘራሁ። አንዱን ነቅዬ የሥሩን እባጭ በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ሮዝ ነበር፤ ናይትሮጅን የተባለውን የተክል ምግብ ከአየር እየያዘ ነው ማለት ነው። ማበብ ሲጀምር እየቆረጥሁ እዚያው እጎዘጉዘዋለሁ።

በሦስተኛው ወር አዲስ አረንጓዴ ቡቃያ ወጣ። አሮጌዎቹ ቢጫ ቅጠሎች ግን አልዳኑም፤ ረግፈው ከጉዝጓዙ ተቀላቀሉ።