መንገድ ፌስቡክ አይደለም፦ የከተማ ኔትወርክ ስትሰሩ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ የመመረቂያ ፅሁፍ የሚሰሩ ሶስት ልጆች በተለያየ ቀን መጥተው አንድ አይነት ነገር አሳዩኝ። የከተማውን መንገድ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ አውርደው፣ መጋጠሚያውን ኖድ (ነጥብ) መንገዱን ኤጅ (መስመር) አድርገው፣ የዲግሪውን፣ ማለትም አንድ መጋጠሚያ ላይ ስንት መንገድ እንደሚገባ፣ ስርጭት ሁለቱም ዘንግ በአስር እጥፍ በሚያድግበት ሎግ ሎግ ላይ ስለው፣ መሀሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው "ቲቸር ፓወር ሎው ወጣልኝ" አሉኝ። ሶስተኛዋ ከሄደች በኋላ ነው ይሄን መፃፍ የጀመርኩት። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ጥፋቱ የኛ ያስተማሪዎቹ ነው። ግራፍ ቲዎሪ፣ የነጥብና የመስመር ሂሳቡን፣ ስናስተምር ከሂሳብ ሊቁ ኦይለር እንጀምራለን፣ በ1736 የኮኒግስበርግን ሰባት ድልድዮች ጥያቄ ሲፈታ ርቀቱንም ቅርፁንም ትቶ ማን ከማን ይገናኛል የሚለውን ብቻ ያዘ እንላለን፣ ለዛ ጥያቄ ልክ ነበር። መሬት ላይ ስለተዘረጋ መንገድ ስትጠይቁ ግን ያ የተተወው ርቀት ተመልሶ መግባት አለበት፣ ይሄን ሳንነግራቸው ነው የምናስመርቃቸው።

እሺ፣ መጀመሪያ ይሄ የፓወር ሎው ነገር። አብዛኛው ጥቂት ግንኙነት ሲኖረው ጥቂቱ ደግሞ እጅግ ብዙ አለው ማለት ነው። ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው አምስት ጓደኛ ሌላው አምስት ሺ ጓደኛ ሊኖረው ይችላል፣ ጓደኛ መጨመር ቦታ አይፈጅምና። አንድ መጋጠሚያ ላይ ግን ስንት መንገድ ይገባል? ሶስት፣ አራት፣ አደባባይ ከሆነ አምስት ምናልባት ስድስት፣ ከዛ በላይ ብርቅ ነው። አስፋልቱ ስፋት አለው፣ ቤቱ ቦታ ይዟል፣ ሃምሳ መንገድ አንድ ነጥብ ላይ አይገባም። ደግሞ ሂሳቡ ራሱ አይፈቅድም፦ መስመሮቹ ሳይቆራረጡ ወረቀት ላይ የሚሳል ግራፍ፣ ፕላናር የምንለው፣ የኤጁ ብዛት የኖዱን ብዛት በሶስት አባዝታችሁ ስድስት ስትቀንሱ ከሚመጣው በላይ መሄድ አይችልም። 1000 መጋጠሚያ ካላችሁ ጣሪያው 2994 ኤጅ ነው፣ አማካይ ዲግሪው ደግሞ 5.988። እንዲህ የሚሳል የፈለጋችሁትን ከተማ አምጡ፣ አማካዩ ስድስት አይደርስም! ከ1 እስከ 6 ባሉ ቁጥሮች ላይ ፓወር ሎው አለ ማለት ከስድስት ነጥብ ተራራ መሳል ነው፣ ለማለት እንኳን ዳታው በመቶ በሺ እጥፍ መዘርጋት ነበረበት። ስለዚህ የከተማውን ዋና ቦታ በዲግሪ አትፈልጉ። ሶስት መንገድ ብቻ የሚገናኝበት ቦታ ግማሹ ከተማ የሚያልፍበት ሊሆን ይችላል፣ ይሄን የሚያወጣላችሁ ቢትዊነስ ነው፣ ማለትም ስንቱ አጭር መንገድ በዛ ነጥብ ያልፋል የሚለው። እሱንም ስታሰሉ ርቀቱን በሜትር ስጡት፣ ካልሰጣችሁት ፕሮግራሙ የሃያ ሜትሯን ቅያስና ሁለት ኪሎ ሜትሩን አስፋልት እኩል "አንድ እርምጃ" ብሎ ይቆጥራቸዋል።

በነገራችን ላይ መንገዱ የሚታጠፍበት ነጥብ ሁሉ መጋጠሚያ አይደለም። ዲግሪው 2 የሆነውን ኖድ አዋህዱት።

ሁለተኛው እኔ ራሴ የሰራሁት ስህተት ነው፣ አዳማ ላይ። ሶፍትዌሩ ላይ መስመሮቹ በተቆራረጡበት ሁሉ ኖድ የሚፈጥር ትእዛዝ አለ፣ ንፁህ ስለሚመስል ጫንኩት። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ግን የውስጥ መንገዶችን በድልድይ ነው የሚያልፋቸው፣ ካርታ ላይ ይቆራረጣሉ፣ መሬት ላይ አይገናኙም። ውጤቱን ስብሰባ ላይ ሳቀርብ ከኋላ የተቀመጠ ሹፌር እጁን አወጣና "ኢንጂነር፣ እዚህ ጋ እኮ መውጫ የለም፣ መኪናው በምን ይወጣል?" አለኝ። አቅርቤው የነበረው አጭሩ መንገድ ከድልድዩ ስር ገብቶ ቀጥታ ወደ ላይ ፈጣን መንገዱ ላይ የሚወጣ ነበር። የሁለት ወር ስራ ነው እንደ አዲስ የሰራሁት። ከዛ ወዲህ ድልድይ የሚል ምልክት ያለበትን መስመር አንድ በአንድ አይቼ ነው የማስገባው።

የዚህ ግልባጭም አለ፣ እሱ ይብሳል ምክንያቱም አይታይም። ሁለት መንገድ ስክሪን ላይ የተገናኙ ይመስላሉ። ዙም አድርጉ፣ አሁንም የተገናኙ ይመስላሉ፣ እንደገና ዙም፣ እንደገና፣ እና በመጨረሻ በመሀላቸው አርባ ሳንቲም ክፍተት ታያላችሁ፣ የሳለው ሰው እጁ ትንሽ ቀድሞ ቆሞ ነው። ለኮምፒውተሩ ያ አርባ ሳንቲም ገደል ነው፣ ከኋላው ያለው ሰፈር በሙሉ ከከተማው ተቆርጦ ይቀራል። አንዷ ተማሪዬ ጋ ታቦር ተራራ ስር ያለ ሰፈር እንደዛ ጠፍቶ ነበር፣ እሷ ግን "ሰፈሩ ተደራሽ አይደለም" ብላ ሁለት ገፅ ትንታኔ ፅፋበታለች። ዳታ እንደገባላችሁ መጀመሪያ ግራፉ ስንት ያልተያያዘ ቁራጭ እንደሆነ ቁጠሩ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው በመንገድ ርቀት ፋንታ የአየር ላይ ርቀትን፣ ማለትም ቀጥታ መስመሩን፣ መጠቀም ነው። ሐዋሳ ተቀምጦ ይሄን የሚሳሳት ሰው በጣም ያሳዝነኛል፣ ሐይቁ እኮ ፊት ለፊታችን ነው። አንድ ጥናት አይቼ ነበር፣ ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል አጠገብ አስር ኪሎ ሜትር ክብ ስለው ክቡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተገልጋይ ነው ይላል፣ ከክቡ ውስጥ ግን ብዙ ቦታ ውሃ ነው፣ ማዶ ያለችው እናት ጀልባ ካላገኘች ሐይቁን ዞራ ነው የምትመጣው። "ግዴለም የአየሩን ርቀት በሆነ ቁጥር እናባዛዋለን" የሚሉ አሉ። በየትኛው ቁጥር? እንደ ቼዝ ሰሌዳ በተሰራ ከተማ ውስጥ ትርፍ ጉዞው ቢበዛ 1.41 እጥፍ ነው፣ በሁሉም አቅጣጫ ሲታይ በአማካይ 1.27። ክብ ሐይቅን ከአንዱ ዳር ወደ ትይዩው ዳር ስትዞሩ ግን 1.57 እጥፍ ነው፣ ያውም መንገዱ ውሃውን ታኮ ከሄደ። አንድ ቁጥር ለሁለቱም አይሆንም።

ርቀትን በዲግሪ (የመጋጠሚያው ሳይሆን የካርታው የኬክሮስና የኬንትሮስ ዲግሪ) ማስላትም አለ። እዚህ አገር ስህተቱ የሚደበቀው ወደ ምድር ወገብ ስለምንቀርብ ነው፣ ሐዋሳ ላይ አንድ ዲግሪ በየትኛውም አቅጣጫ 110 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ስለዚህ ያው ይመስላል። ያንኑ ኮድ ስቶክሆልም ላይ ስታስኬዱት የምስራቅ ምዕራቡ ግማሽ ይሆንባችኋል። ሐዋሳም አዳማም በሜትር በሚለካው የካርታ ስርዓት፣ ዩቲኤም በሚባለው፣ ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናቸው፣ ወደሱ ቀይሩና ተገላገሉ። የድሮ ካርታ ከጂፒኤስ ነጥብ ጋር የምትቀላቅሉ ከሆነ ደግሞ የድሮው በአዲንዳን፣ ማለትም ከጂፒኤሱ በተለየ የድሮ የመለኪያ መነሻ፣ የተሰራ መሆኑን እዩ፣ ካልቀየራችሁት ከመቶ ሜትር በላይ ይንሸራተታል።

"ክላስተሪንጉ ከራንደም ግራፍ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚህ ልዩ አደረጃጀት አለ" የሚለውንም ተዉት። ክላስተሪንግ ማለት ጎረቤቶቼ እርስ በርሳቸውም ምን ያህል ይገናኛሉ ነው፣ ራንደም ግራፍ ደግሞ ርቀት ሳይታይ በዕጣ የተገናኘ ነው። ቅርብ ለቅርብ የሚገናኝ ነገር ሁሌም ይበልጣል። ጤፍ በትሪ ላይ እንደበተናችሁ አስቡ፣ ከተወሰነ ርቀት በታች ያሉትን ፍሬዎች ብቻ አገናኙ፣ ማንም ሳያደራጀው ክላስተሪንጉ 0.587 አካባቢ ይመጣል። ማወዳደር ያለባችሁ ከዚህ አይነቱ፣ ቦታን ከሚያውቅ ራንደም ግራፍ ጋር ነው።

የመጨረሻው፣ ዳታችሁን የከተማው ወሰን ላይ በመቀስ አትቁረጡ። ሐዋሳን ወሰኗ ላይ ከቆረጣችኋት የሻሸመኔው መንገድ የትም የማይደርስ ጭራ ይሆናል፣ ቢትዊነሱም ይወድቃል፣ ቆማችሁ ብታዩት ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሚኒባሱና አይሱዙው የማይቋረጥበት መንገድ ነው። ከወሰኑ ውጪ በደንብ አስፍታችሁ አውርዱ፣ አስሉ፣ ከዛ ውጤቱን ብቻ ከተማው ላይ ቁረጡ። ሻሸመኔን ጨምሩበት እላለሁ እኔ፣ ላፕቶፓችሁ ከቻለ።