የጥሬ ወተት አይብን መዓዛ የሚያበላሹ ስህተቶች

ከጤነኛ ላም ግት የሚወጣ ወተት በውስጡ ያለው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት ነው። አይቡ ሲበስል የቅቤ፣ የለውዝ ወይም የፍራፍሬ ሽታ የሚሰጡት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች በብዛት የሚገቡት ከጡቷ ጫፍ ቆዳ፣ ከማለቢያ ዕቃና ከአካባቢው ነው። ስለዚህ መዓዛው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ወተቱ ሳይረጋ በፊት ነው።

ጡቱን በኃይለኛ ኬሚካል አጥቦ እርጥቡን ማለብ። ክሎሪን ወይም አዮዲን ሲበዛ ጠቃሚዎቹንም ይገድላል፤ ትርፉ ወተቱ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማስጀመሪያ ባክቴሪያውን (ወተቱ እንዲኮመጥጥ የሚጨመረውን) ያዘገየዋል። ጭራሽ አለማጽዳትም አያዋጣም፤ እበት ኮሊፎርም የሚባሉትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ያመጣል። የመጀመሪያውን የሁለት ሦስት ጭመቃ ወተት በሌላ ዕቃ አልቦ መድፋት፣ ከዚያ ለእያንዳንዷ ላም የራሷን ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ መጠቀም ይበቃል። በውኃ ከታጠበ ፈጽሞ ይድረቅ፤ ቆሻሻውን ወደ ባልዲው ይዞ የሚወርደው የሚንጠባጠበው ውኃ ነው።

«ፍሪጅ ውስጥ ስላለ ምንም አይሆንም» ማለት። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ሊያቆሙ ምንም አይቀራቸውም፤ ቅዝቃዜ የሚችለው ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ግን ይራባል። ስብና ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞቹ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ማሞቅን እንኳ ይቋቋማሉ። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ብቅ ይላል፦ ምሬት፣ የሳሙና ጣዕም፣ የተበላሸ ቅቤ ሽታ። ወተቱን ትኩሱን ማርጋት ይመረጣል፤ ካልተቻለ ከ24 ሰዓት አይለፍ።

ወተቱን ሳይፈትሹ መጀመር። ፈተናው ቀላል ስለሆነ የሚዘለልበት ምክንያት የለም። በፈላ ውኃ በጸዳ ብርጭቆ ትንሽ ወተት ከድኖ በ37 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ማቆየት ነው። ለስላሳ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ረግቶ ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ ካለው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎቹ የበላይ ሆነዋል። እንደ ስፖንጅ ተበሳስቶ ወደ ላይ ከተነፋ ኮሊፎርም ወይም እርሾ በዝቷል፤ ይህን ወተት ለጥሬ አይብ አለመጠቀም ነው። ሲረጋ ጥሩ የሆነ ወተት ግን በሽታ አምጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ያንን የሚያሳየው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

ስለ መኖው አለመጠየቅ። በደንብ ያልተዘጋጀ ገፈራ (ታፍኖ የተብላላ እርጥብ መኖ) ክሎስትሪዲየም የተባለውን ባክቴሪያ ዘር ያመጣል። ይህም ከወራት በኋላ አይቡን ይነፋዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ የትውከት ዓይነት ሽታም ይሰጠዋል። የጣሊያኑ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ ደንብ ላሞቹ ገፈራ እንዳይበሉ የሚከለክለው ለዚህ ነው።

ማስጀመሪያውን ማብዛት ወይም ፈርቶ መተው። ፈሳሽ ማስጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ከወተቱ 1–2 በመቶ ነው። ሲበዛ አሲዱ በአንዴ ይወጣና ከወተቱ ጋር የመጡት የአገሬው ባክቴሪያዎች ድርሻ ይጠፋል፤ አይቡም ኮምጣጣና ፍርፍር ይሆናል። ጨርሶ መተው ደግሞ የባሰ ነው፤ አሲዱ ሲዘገይ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይራባል። በግራም 100,000 ካለፈ ሙቀት የማያጠፋው መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። መጠኑን የሚቀንስ ሰው የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያ ከእጁ አይለየው።

ቀይ ብርቱካናማ ቅርፊትን ማስቸኮል። ይህን ቅርፊት የሚሠራው ባክቴሪያ ብሬቪባክቴሪየም አሲድ አይወድም። መጀመሪያ ዴባርዮማይሰስና ጂኦትሪከም የተባሉት እርሾና ሻጋታ ላክቲክ አሲዱን በልተው ፒኤቹን ማንሳት፣ ማለትም አሲድነቱን መቀነስ አለባቸው። እነሱ ሳይወጡ ቅርፊቱን በየቀኑ በጨው ውኃ ማሸት እነሱን ገና ሲጀምሩ አጥቦ ማስወገድ ነው። አይቡን ከ3–5 በመቶ ጨው ባለው ውኃ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሸት ይበቃል። ከበሰለው አይብ ወደ አዲሱ እያሹ መሄድ ባክቴሪያውን ያጋባል፤ በሽታ አምጪው ሊስቴሪያ ካለም አብሮ ይጋባል። በእኛ አስተያየት ትርፉ ከአደጋው አይበልጥም፤ ከአዲሱ መጀመር ይሻላል።

60 ቀን ከቆየ ደኅና ነው ብሎ ማመን። ይህ የአሜሪካ ደንብ ነው፤ አይቡ ከ1.7 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት እንዲቆይም ያዛል። ለደረቅ አይብ ይረዳል። ለስላሳ አይብ ላይ ግን ቅርፊቱ ሲበስል ፒኤቹ ስለሚወጣ፣ ሊስቴሪያ በቆየ ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ከብሩሴላ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ) እና ከሳንባ ነቀርሳ ነጻ መሆኑ ካልተረጋገጠ መንጋ የመጣ ወተት ደግሞ ለጥሬ አይብ ፈጽሞ አይሆንም።