ርካሽ የፕሮሰሰር ኩለር ጥሩ ይሁን አይሁን እንዴት ቤታችሁ ትፈትሻላችሁ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ቤቴ ውስጥ ለሰው ኮምፒውተር እገጥማለሁ፣ እና በየሳምንቱ አንድ ሰው የኩለር (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ብረትና ፋን) ካርቶን ፎቶ ይልክልኝና "180 ዋት ይችላል ይላል፣ ልግዛው?" ይለኛል። ዋቱ ኩለሩ ሊያወጣው ይችላል የተባለው የሙቀት መጠን ነው፣ የካርቶኑን እርሱት። ሁሉም አምራች የሚስማማበት አንድ መለኪያ ስለሌለ 180 የተባለው 150 ከተባለው ሊያንስ ይችላል። እናንተን የሚያዋጣችሁ ቤታችሁ ለክታችሁ ያገኛችሁት ቁጥር ነው።

ሳትገዙ በፊት ሜትር ያዙ። 120 ሚሊሜትር ፋን ያለው ታወር ኩለር (እንደ ፎቅ ወደ ላይ የቆመው) አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ ከ150 እስከ 160 ሚሊሜትር ነው፣ ጠባብ ኬዝ ውስጥ አይገባም። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉት፣ ኬዙን አስተኙት፣ የጎኑን ክዳንና የድሮውን ኩለር አንሱ (የኩለሩን አወጣጥ መጀመሪያ ከታች አንብቡ)፣ ጠርዙ ላይ ረጅም ማስመሪያ አጋድሙና ከሱ እስከ ፕሮሰሰሩ አናት ለኩ። ከኩለሩ ቁመት ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ቢተርፍ ጥሩ ነው። አንድ ጎረቤቴ ሳይለካ ገዝቶ ክዳኑ ለጥቂት አልዘጋ ብሎት አንድ ወር ሙሉ ክፍቱን ተጠቀመበት፣ የኛ ሰፈር መንገድ ደሞ ውስጥ ውስጡ ገና ኮብልስቶን አልደረሰውም፣ ሳየው ማዘርቦርዱ ከአቧራው ብዛት ቀለሙ ራሱ አይታይም ነበር። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሆነ ደሞ የብሎን ቀዳዳውና የፋን መሰኪያው የራሱ ብቻ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ እዩት።

ሱቅ ስትሄዱ ካርቶኑን አስከፍቱ። ከፕሮሰሰሩ ሙቀቱን የሚያወጡት የመዳብ ቱቦዎች ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ፣ 6 ሚሊሜትር የሆኑ 4 ቱቦዎች ለመካከለኛ ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር ይበቃሉ፣ 2 ብቻ ከሆነ ለቢሮ ስራ ነው። የታችኛው ፊት ላይ የማስመሪያ ጠርዝ አቁሙና ወደ መብራት አዙራችሁ እዩት፣ በስሩ ሰፋ ያለ ብርሃን ካለፈ ፊቱ ልሙጥ አይደለም፣ ተዉት። ስስ የአልሙኒየም ቅጠሎቹን በጣት ነካ አድርጉ፣ ቱቦው ላይ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ሙቀት በደንብ አይቀበሉም። የፋኑ ገመድ 4 ሽቦ ይሁን፣ ፍጥነቱን ማዘርቦርዱ በደንብ እንዲቆጣጠረው። ለናንተ የፕሮሰሰር ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት)፣ የኤኤምዲው ኤኤም 4ም ይሁን የኢንቴሉ ኤልጂኤ 1700፣ ማሰሪያውና ብሎኖቹ መሟላታቸውን ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ልኬቱ። አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት የድሮውን በአዲስ ፔስት (ኩለሩና ፕሮሰሰሩ መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) መልሳችሁ ግጠሙና ለኩት፣ ያለበለዚያ ከምን ጋር ታወዳድራላችሁ? ኬዙን ዝጉ፣ አየር በሚያስገባበት በኩል የክፍል ቴርሞሜትር አስቀምጡ፣ ፕሮሰሰሩን በሙሉ ጉልበት የሚያሰራውን ሲኒቤንች አር 23 የሚባል ፕሮግራም 10 ደቂቃ አስሩጡ፣ ሙቀቱንና ዋቱን የሚያሳየውን ኤችደብልዩ ኢንፎን ከጎኑ ክፈቱ። መጨረሻው ደቂቃ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ የሚወስደውን ዋት፣ የኮሮቹን ፍጥነትና የክፍሉን ሙቀት ወረቀት ላይ ጻፉ። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ከዜሮ ጀምሩ፣ ኩለሩ ቀዝቅዟልና የሚቀጥል ነገር የለም።

ከዛ አዲሱን ግጠሙ። ኤኤም 4 ላይ የድሮውን ስታወጡ ቀጥታ አትሳቡት፣ ፔስቱ ይዞት ፕሮሰሰሩን ከነእግሮቹ መንጭቆ ያወጣዋል፣ ገና ሞቅ ሲል አጥፍታችሁ ግራ ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። የድሮውን ፔስት በአልኮል ጥረጉ፣ አዲስ የሽምብራ ፍሬ የምታክል አድርጉ፣ የኩለሩ ስር ያለችውን ላስቲክ መላጣችሁን አረጋግጡ፣ ብሎኖቹን በአንዴ ሳይሆን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። እና ያንኑ ፈተና ድገሙት።

ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ላይ የክፍሉን ሙቀት ቀንሱ። የኔ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ከራሱ ጋር በመጣው ኩለር 84 ዲግሪ ነበር፣ ክፍሉ 20፣ ልዩነቱ 64። በታወሩ 68 ሆነ፣ ልዩነቱ 48። ይሄ ልዩነት ነው የኩለሩ እውነተኛ ማንነት። አራብሳ 20 ዲግሪ ላይ ሁለቱም ያለፉ ይመስላሉ፣ ግን ያንኑ ኮምፒውተር ድሬዳዋ 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አስቡት፣ የመጀመሪያው 99 ሊደርስ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ደሞ ወሰኑ 90 ስለሆነ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ታወሩ ግን 83 አካባቢ ይቆማል። ዋቱና ፍጥነቱን የጻፋችሁትም ለዚህ ነው፣ ሙቀቱ ወርዶ ፍጥነቱም አብሮ ከወረደ ኩለሩ አላሸነፈም።

የውጪ ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ቁጥር እዚህ ባይመጣ ደሞ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየራችን ከባህር ዳር ከተሞች አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል።

ድምፁን ማታ ሰፈሩ ፀጥ ሲል ስሙት፣ ቀን ላይ የጎረቤት ግንባታ ይሸፍነዋል። የማያቋርጥ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ካለ የፋኑ ቦል (መሀሉ ያለው መሽከርከሪያ) ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መልሱት።

ያቺን ወረቀት ኬዙ ውስጥ ለጥፏት። በሶስት ወር ፈተናውን ድገሙና ልዩነቱ በ5 ዲግሪ ከጨመረ ፋኑን ፍቱት፣ ከስሩ ቅጠሎቹ አፍ ላይ አቧራው ልክ እንደ ባዘቶ ተጠቅጥቆ ታገኙታላችሁ። በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጥረጉት፣ አየር የምትነፉበት ከሆነ ደሞ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት።